ሕመም ሳይታይ መፈለግ ተወኩልን ያጎድላልን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ከአንድ አባት ጥያቄ የመነጨ ነው። እኔ በኢሉባቦር በሁሩሙ ከተማ ልጆችን ቁርኣን የማስቀራ መምህር ነኝ። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ኒካሕ ሲያስር፣ ውርስ ሲከፋፈል፣ አለያም ልቡ ሲጨነቅ ነው። ይህ ወንድማችንም ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጀማዓው እስኪበተን ጠብቆ ቀረበኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ኡስታዝ፣ ሕፃኗ ደህና ናት። ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ ዓይኗም ምንም አልሆነም። ታዲያ ምንም ሳይታይባት ሐኪም ዘንድ ወስጄ በመሣሪያ ዓይኗን ባስፈትሽ፣ በአላህ ላይ መጥፎ ጥርጣሬ አይሆንብኝም?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ስመለስ ደግሞ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የወንድሟ ታሪክ

ጊዜው 2010 ዓ.ም. የባተበት መስከረም ነበር። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ልጅ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናቱ አንድ ምሽት ይዛው መጣችና «ኡስታዝ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሳየው አንድ ዓይኑ እንደ አዱሬ ዓይን ያበራል» አለችኝ። አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ልጁን ተቀብዬ አየሁት፤ ለእኔ የታየኝ ነገር አልነበረም። ሩቅያ አደረግሁለት፣ በውሃ ላይም ቀርቼ ሰጠኋት፣ «አይዞሽ፣ የሰው ዓይን ይሆናል፣ አላህ ያሽረዋል» ብዬ ሸኘኋት።

ወገኖቼ! መቅራቴ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ ከቀራሁ በኋላ «ነገ ደግሞ ለሐኪም አሳዪው» አለማለቴ ነው። ያቺ እናት በዓይኗ ያየችውን እውነት ይዛ ነበር የመጣችው። እኔ ግን እውነቷን በአጽናኝ ቃል ሸፍኜ መለስኳት። እሷም ኡስታዙ ካሉ ብላ ዝም አለች።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ይንሸዋረር ጀመር። ወደ አንድ የሕክምና ቦታ ወስደውት የዓይን ቅባት ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ከዚያ የቡና ለቀማ ደረሰ። አገራችንን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቤተሰቡ ሁሉ ውሎው ከቡና ጫካ ነው፤ የዓመቱ ገንዘብም የሚገኘው ያኔ ነው። «ቡናው ይሸጥና እንወስደዋለን» አሉ። ቡናው ተሸጠ። በጥር ልጁን ይዘው ሲነሱ ግን ዓይኑ አብጦ ወደ ውጭ ገፍቶ ነበር። ከሁሩሙ ወደ መቱ፣ ከመቱ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የካንሰር መድኃኒትም ተሰጠው። ነገር ግን በሽታው ከዓይኑ ኳስ አልፎ ሄዶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ወደ አኼራ ሄደ። ጀናዛውን ያሰገድኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ እህቱ ተወለደች። ሐኪሞቹ ያኔ ለአባትየው «ሌላ ልጅ ስትወልዱ ምንም ባይታይባትም ቶሎ አምጧት» ብለውት ነበር። ከላይ የጠቀስኩት ጥያቄ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው ሬቲኖብላስቶማ ይባላል። ሬቲና ማለት በዓይን ኳስ በስተጀርባ በኩል ተዘርግቶ ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። ካንሰሩ የሚነሳው ከዚህ ሽፋን ነው። በሕፃናት ዓይን ውስጥ ከሚበቅሉ ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ሲሆን፣ ከተያዙት ሕፃናት አብዛኞቹ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይታወቅባቸዋል። በጠቅላላው ብዙ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ገደማ ይያዛል። ሆኖም እንደ አገራችን ብዙ ልጅ በሚወለድበት አገር ይህ ቁጥር በየዓመቱ ብዙ ቤቶችን ያንኳኳል።

እናቲቱ ያየችው የድመት ዓይን ብልጭታ ምን ነበር? የጤነኛ ዓይን ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየን ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን ተመልሶ ስለማይደርሰን ነው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲገባና ሲመለስ ግን ከሬቲናው ጀርባ ባለው ደም የሞላበት ሽፋን ምክንያት ቀይ ሆኖ ይታያል። በብልጭታ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የሰዎች ዓይን የሚቀላው ለዚህ ነው። በውስጡ ነጣ ያለ እብጠት ያለበት ዓይን ግን ብርሃኑን ነጭ አድርጎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ያቺ እናት በኩራዝ ያየችው ሐኪም በመሣሪያ ከሚያየው ነገር የተለየ አልነበረም። እሷ አይታለች፤ የሰማት ነው የጠፋው።

ከዚህ በሽታ ከተያዙት ሕፃናት በመቶ 40 ገደማ የሚሆኑት ሕመሙ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ይህም ማለት ለበሽታው የሚያጋልጠው ለውጥ በመላ ሰውነታቸው ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ልጆቻቸውም ሊተላለፍ ይችላል። ሁለቱም ዓይን ከተያዘ ከዘር ጋር የተያያዘ ለመሆኑ አያጠራጥርም። አንድ ዓይን ብቻ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ የዘር አይደለም፤ ግን በዘር ምርመራ ካልተረጋገጠ በስተቀር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የወንድምና የእህት ዓይን ቶሎ ይታይ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስል ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ማንም ሰው ይህን ይዞ ሚስቱን «ከእናንተ ዘር ነው የመጣው» ብሎ እንዳይወቅስ። ብዙ ጊዜ ለውጡ ከአባትም ከእናትም ሳይወረስ በልጁ ላይ ብቻ አዲስ ሆኖ የሚከሰት ነው።

ዓይን በዓይን ሲታይ

ሐኪሞች ሕያው የሆነን ዓይን ውስጡን ማየት የቻሉት ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይን ውስጥ መመልከቻ መሣሪያን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። ዛሬ የዓይን ሐኪም በጠብታ መድኃኒት ብሌኑን አስፍቶ የሬቲናውን ፎቶግራፍ ያነሳል፤ በድምፅ ሞገድ ማለትም በአልትራሳውንድ የእብጠቱን መጠን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ በሆነ ሌላ ዘዴ ደግሞ ሬቲናውን ሳይነካ፣ በብርሃን ብቻ፣ ንብርብሩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ለይቶ ያያል። ሕፃን ልጅ ዝም ብሎ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በማደንዘዣ ተኝቶ ይመረመራል። በቤተሰቡ ውስጥ በሽታው የታየ ሕፃን እንደተወለደ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጥቂት ሳምንቱ፣ ከዚያም እየተራራቀ እስከ 7 ዓመቱ ገደማ ይታያል።

ጥቅሙ በዚህ በሽታ ብቻ አይወሰንም። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ሬቲናው ሊደማ ይችላል። የጡት ወይም የሳንባ ካንሰር ወደ ዓይን ተሻግሮ እይታን የሚያደበዝዝበት ጊዜ አለ። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችና የጨረር ሕክምናም ዓይንን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለች እህት እይታዋ ሲደበዝዝ «የእድሜ ነው» ወይም «የድካም ነው» ብላ እንዳትተወው፤ ለሐኪሟ ትንገር።

አንድ የሚያስተምር ታሪክ ልጨምር። በአሜሪካ በቴክሳስ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የኬሚስትሪ ምሁር ልጁ በዚህ በሽታ ተያዘበት። በኋላ ቤተሰቡ ያነሳቸውን የልጁን ፎቶግራፎች ሁሉ ሰብስቦ ሲመረምር ነጩ ብልጭታ ልጁ 12 ቀን በሆነው ጊዜ በተነሳ ፎቶ ላይ ጀምሮ ይታይ ነበር። ፎቶው በእጃቸው ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላወቁም። ምሁሩ በዚህ ቁጭት ተነሳስቶ ከባልደረቦቹ ጋር በስልክ ላይ የተቀመጡ ፎቶግራፎችን እየፈተሸ ነጭ ብሌንን የሚያመለክት ፕሮግራም ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የዓይን ሕመም ከተገኘባቸው ሕፃናት ውስጥ በ80 በመቶው ፎቶዎች ላይ ፕሮግራሙ ምልክቱን አግኝቷል፤ ያውም ሐኪም ከማወቁ በአማካይ 1.3 ዓመት ቀደም ብሎ። የተጠኑት ሕፃናት ቁጥር ጥቂት ስለነበር ሁሉንም ነገር በዚህ መደምደም አይገባም። ቢሆንም ምልክቱ በቤታችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ያስገነዝበናል።

የ16 ወር ልዩነት

እ.ኤ.አ. በ2017 በሽታው በዓለም ዙሪያ አዲስ የተገኘባቸውን 4,351 ሕፃናት ከ153 አገሮች የመዘገበ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በሀብታም አገሮች የሕፃናቱ መካከለኛ ዕድሜ በሽታው በታወቀ ጊዜ 14 ወር ገደማ ነበር። በድሃ አገሮች ግን 30 ወር ገደማ። በሀብታሞቹ አገሮች በሽታው ከዓይን ወጥቶ የተገኘው ከ100 ሕፃናት በሁለቱ እንኳ አይሞላም፤ በድሃዎቹ አገሮች በ49ኙ ላይ ወጥቶ ተገኝቷል። ከዓይን ሳይወጣ የተደረሰበት ሕፃን በአብዛኛው ይድናል። ከወጣ በኋላ ግን ማዳኑ እጅግ ይከብዳል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ሕመሙ በየትም አገር የአላህ ቀደር ነው። የሂውስተን ሕፃንም የሁሩሙ ሕፃንም ፈጣሪያቸው አንድ ነው። በመካከላቸው ባለው የ16 ወር መዘግየት ውስጥ ግን የሰው እጅ አለበት፤ የእኔም እጅ ነበረበት። በእጃችን ስላለው ነገር ደግሞ እንጠየቃለን።

ወደ ጥያቄው እንመለስ

እንግዲህ «ምንም ሳይታይ መፈለግ በአላህ ላይ መጥፎ ጥርጣሬ አይሆንም ወይ?» ለሚለው ምን እንመልስ?

በመጀመሪያ፣ ጥርጣሬው በማን ላይ ነው? አባትየው የሚጠረጥረው የአላህን እዝነት አይደለም። የሚጠረጥረው የራሱን ዓይን ነው። «እኔ የማየው ትንሽ ነው፤ ያላየሁት ይኖር ይሆናል» ማለቱ ነው። ይህ ደግሞ ለባሪያ የሚገባ ትሕትና እንጂ ድፍረት አይደለም። በተቃራኒው «እኔ ካላየሁት የለም» ማለት ነው ትዕቢቱ።

ሁለተኛ፣ ግመሉን ልሰረው ወይስ ትቼው በአላህ ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ እንዲመካ እንዳዘዙት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ልብ በሉ፣ ግመሉ በታዘዘበት ሰዓት አልጠፋም ነበር። ማሰር ሳይጠፋ በፊት የሚደረግ ነገር ነው። ከጠፋ በኋላማ ማሰር የለም፤ ፍለጋ ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባለው ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። ያኔ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሞገቱ። የዑመር መልስ ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ ነው የሚል ይዘት ነበረው፤ አንዱ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመል ስለሚያሰማራ እረኛም ምሳሌ ሰጡ። እረኛው በየትኛውም ጎን ቢያሰማራ ከአላህ ውሳኔ አይወጣም፤ ለምለሙን መምረጥ ግን የእረኝነቱ ግዴታ ነው። አባትም በቤቱ እረኛ ነው።

ለራስ መታገስና ለልጅ መታገስ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። «ሕክምናን ትቶ መታገስስ የታወቀ ደረጃ የለውም ወይ?» ይባላል። አዎን አለው። የሚጥላት ሕመም የነበረባት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ዱዓ ስትጠይቅ፣ ብትታገስ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግም ለመዳኗ እንደሚለምኑላት ምርጫ እንደሰጧትና እሷም ትዕግሥትን እንደመረጠች በሐዲስ ተላልፏል። ሁለት ዓይኑን አጥቶ ለታገሰ ሰውም ታላቅ ምንዳ መነገሩን እናውቃለን። ዑለማዎችም ስለ መታከም ሲናገሩ የሚፈቀድ፣ የሚወደድ፣ አንዳንዴም ግዴታ የሚሆን እንደሆነ በየሁኔታው ለያይተው አስቀምጠዋል።

ነገር ግን ያቺ ሴት ለማን መረጠች? ለራሷ ነው። አካለ መጠን የደረሰች፣ የምታውቅ፣ ተጠይቃም የመለሰች ሴት ነበረች። የሦስት ወር ሕፃን ማን ጠየቃት? አባቷ በእሷ ዓይን ላይ ትዕግሥትን ቢመርጥ ታጋሹ ማን ይሆናል? ጨለማው የእሷ፣ የታጋሽነቱ ስም የእሱ ሊሆን ነው። ይህ ፍትሕ አይመስለኝም። ሰው በራሱ ገንዘብ መለገስ ይችላል፤ በየቲም ገንዘብ መለገስ ግን አይችልም፤ አደራ ነውና ይጠብቀዋል እንጂ። የልጅ ዓይንም እንደዚሁ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ልጅን «የዓይኔ ብሌን» እንላለን። ብሌኑ ግን የልጁ ነው፤ በእኛ እጅ ያለው ጠባቂነቱ ብቻ ነው።

የትዕግሥት ቦታው የት ነው ታዲያ? የተቻለውን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ነው። አላህ ቢወስድ ሶብር፣ ቢያሽር ሹክር። ከመታገስ በፊት ያለው ዝምታ ግን አንዳንዴ ስንፍና ነው፤ አንዳንዴም ፍርሃት ነው። እኔ በዚያ መስከረም ያደረግሁት የትኛው እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ዓይን ስለማውጣት

በሽታው ከገፋ ሐኪሙ «ዓይኑ ይውጣ» ይላል። ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ከወራት በኋላም እየሞተ ያመጡታል። አላህ የፈጠረውን እንዴት እንቆርጣለን ይላሉ። በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን «ማን ያገባታል?» የሚለው ጭንቀት ይጨመራል።

የዙበይር ልጅ ዑርዋን እናስታውስ። የአስማእ ልጅ፣ የእመት ዓኢሻ የእህት ልጅ፣ ከታላላቅ ታቢዒዮች አንዱ ናቸው። ወደ ደማስቆ በተጓዙበት ጊዜ እግራቸው በሚበላ ቁስል ተያዘና ሐኪሞች ወደ ቀሪው ሰውነት ሳይሻገር እንዲቆረጥ መከሩ፤ እሳቸውም ተቀበሉ። በዚያው ጉዞ ልጃቸውም ሞተ። ከዚያ በኋላ ስለተወሰደባቸው ከማማረር ይልቅ ስለተረፈላቸው አላህን እንዳመሰገኑ በታሪክ ተዘግቧል። ትልቁን ጉዳት በትንሹ ማስቀረት ከታወቁት የፊቅህ መርሆች አንዱ ነው። አንድ ዓይን ተከፍሎ ነፍስ ቢተርፍ ውድ ዋጋ ነው፤ ግን የሚከፈል ዋጋ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ከተያዘ ደግሞ ይህም ሳይከፈል የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለ ፎቶግራፍም ጥቂት ልበል፤ አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን በምስል ጉዳይ ስለሚጠራጠሩ። ዑለማዎች በካሜራ ምስል ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ያረፉት የግብፁ ሙፍቲ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም በማለት መፈቀዱን ጽፈዋል። በሌላው ጉዳይ ቢለያዩ እንኳ ነፍስንና ዓይንን ለማዳን የሚደረግ ምርመራ ከክርክሩ ውጭ ሊሆን ይገባዋል። ደግሞስ እይታ ማለት ከዓይን የሚወጣ ጨረር ሳይሆን ወደ ዓይን የሚገባ ብርሃን መሆኑን በጨለማ ክፍልና በቀዳዳ እየፈተነ ያስረዳው የበስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠም አልነበረምን? «ኪታብ አል-መናዚር» የተባለው መጽሐፉ ከተጻፈ 1,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዛሬው መሣሪያ በሩቅ የዚያ ጥረት ዘመድ ነው። ባዕድ አይሁንብን።

ማወቅ ብቻውን ሸክም ሲሆን

አንድ ጥያቄ ግን በቀላሉ አይመለስም። መድረስ ካልቻልኩ ማወቅ ምን ይጠቅመኛል? ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቅርብ መቱ ካርል ሆስፒታል አለን፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምናና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል ይገኛሉ። ነገር ግን በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስ ለአንድ ቡና አምራች ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ በቤት የቀሩት ልጆች። አቅም የሌለውን ሰው «ለምን አላስመረመርክም?» ብሎ መውቀስ በደል ነው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም።

ከዚህ ግን የሚከተለው መርዶውን መደበቅ አይደለም። የሚከተለው ሸክሙን መካፈል ነው። አንድ ሰው የማይችለው ነገር በጀማዓው ላይ ፈርድ ኪፋያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ጀናዛ ሲሆን መንደሩ ሁሉ ይወጣል፤ መቃብር ይቆፈራል፣ ለሐዘንተኛ ምግብ ይመጣል፣ ገንዘብ ይዋጣል። ለዚያ ልጅም እንዲህ ተደርጓል። ለጀናዛው ያዋጣነው ገንዘብ በመስከረም ቢዋጣ ኖሮ ከጅማ ደርሶ ለመመለስ ይበቃ ነበር። ይህን ሒሳብ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ዛሬ ለእናንተ ጻፍኩት።

ለአባትየው ግን ያን ምሽት የመለስኩለት አጭር ነበር። «ውሰዳት። ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ፤ የመኪናውን ደግሞ ጀማዓው ያደርጋል» አልኩት። በጁሙዓ ከሰላት በኋላ የማንን ልጅ እንደሆነ ሳልናገር የአንድ ሕፃን ጉዞ ጉዳይ ነው ብዬ ሰደቃ ጠየቅሁ። የሰው ምስጢር ሊሸፈን ይገባዋልና። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሰምተው አዋጡ።

ሕፃኗ ተወሰደች፤ ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም። ደግማ ሄደች፤ ምንም የለም። እንዲህ ስትመላለስ ቆይታ አሁን እየሮጠች ትጫወታለች፤ የምርመራ ቀጠሮዋ ግን ገና አላለቀም። አንድ ቀን ከመስጊድ ስንወጣ አንድ ሰው አባትየውን «ይኸው ምንም የለባት፤ ገንዘብህን በከንቱ ጨረስክ» ሲለው ሰማሁ። አባትየው ትንሽ አሰበና «ወንድሜ፣ ቡናዬን ሌሊት ስጠብቅ አድሬ ሌባ ባይመጣ፣ ጠዋት አላህን አመሰግናለሁ እንጂ እንቅልፌን አልቆጥርም» ሲል መለሰለት። እኔ ኡስታዙ ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

የልጃችሁ ብሌን በፎቶ ላይ ወይም በምሽት ብርሃን ነጭ ሆኖ ደጋግሞ ከታየ፣ ወይም ዓይኑ መንሸዋረር ከጀመረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። የታያችሁን ፎቶም ይዛችሁ ሂዱ። ነጭ ብልጭታ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ልጁ ወደ ጎን ሲመለከት በጤነኛ ዓይንም አንዳንዴ ይታያል፤ የዓይን ሞራና ሌሎች ሕመሞችም ያመጡታል። እነዚህም ቢሆኑ በሕፃን ላይ ቶሎ መታከም ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ አትደንግጡ፤ ግን አትተዉት። ባለሙያው «ምንም አይደለም» ቢላችሁና ምልክቱ ካልጠፋ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንዲልካችሁ ጠይቁ። በቤተሰባችሁ ይህ በሽታ የታየበት ሰው ካለ የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ምልክት ሳትጠብቁ አስመርምሩ። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም።

ለእኔ ቢጤ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ ቅሩላት፤ ቁርኣን ሺፋእ ነው። ከቀራችሁ በኋላ ግን «ምን አየሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ እስከ መጨረሻው ስሟት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ላኳት። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ሕፃን ዋጋ ነው። እናንተ በዚህ ጽሑፍ ዋጋ ብቻ ተማሩት።

ያ አላህ! የልጆቻችንን ዓይን ጠብቅልን፤ የወሰድክብንንም ሕፃን ለወላጆቹ የጀነት ቀዳሚ አድርግላቸው፤ ያየነውን እንድናስተውል፣ ያልሰማነውን እንድንሰማ ልባችንን ክፈትልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።